በራሳችሁ መኪና ድንበር ልትሻገሩ ነው? መጀመሪያ ወረቀቱን አስተካክሉ

በራሱ መኪና ወደ ሌላ አገር ለእረፍት ሊሄድ ያሰበ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ ጥያቄው ሁሌም ስለ መኪናው ነው። ጎማ ልቀይር ወይ? ዘይቱስ? ይሄ መኪና ያን ሁሉ መንገድ ይችለዋል? እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ሊብሬው በማን ስም ነው? ብዙዎቹ ግር ይላቸዋል። ግን ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ለእናንተ መኪናው መኪና ነው። ድንበር ላይ ለቆመው የጉምሩክ ሠራተኛ ግን ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ነው፣ ያውም በራሱ ጎማ እየተንከባለለ የመጣ። እሱን የሚያሳስበው እዚያው ሸጣችሁት ትመለሱ ይሆን ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ የምትይዙት ወረቀት በሙሉ ማለት ይቻላል ሦስት ነገር ለማስረዳት ነው፤ መኪናው የኔ ነው፣ ለጊዜው አስገባሁት፣ ይዤው እወጣለሁ። ይህን ከያዛችሁ የትኛው ወረቀት ለምን እንደሚፈለግ ለመገመት አትቸገሩም።

ወደ ስሙ እንመለስ። መኪናው በእናንተ ስም ከሆነና ዕዳ ከሌለበት ዕድለኞች ናችሁ፣ ይህን ክፍል ዝለሉት። በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ፣ በድርጅት ስም ከሆነ፣ የወንድማችሁ ወይም የትዳር ጓደኛችሁ ከሆነ ግን ከባለቤቱ በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። «የባለቤቴ መኪና ነው፣ ይቺውላችሁ አጠገቤ ተቀምጣለች» ማለት አንዳንድ ቦታ ያስኬዳል፣ አንዳንድ ቦታ ግን ውክልናውን አምጡ ትባላላችሁ። ውክልናው መኪናውን ለመንዳት ብቻ ሳይሆን ከአገር ለማስወጣትና መልሶ ለማስገባት እንደሚፈቅድ በግልጽ መጻፍ አለበት። የሚነዳው ሰው ስምና የፓስፖርት ቁጥር፣ የታርጋና የሻንሲ ቁጥር፣ የሚሄድባቸው አገሮች፣ ከመቼ እስከ መቼ። በሕጋዊ መንገድ የተረጋገጠ፣ ለምትሄዱበት አገር በሚገባ ቋንቋ የተተረጎመ ቢሆን ይመረጣል። ባንኮችና አከራይ ድርጅቶች ይህን ደብዳቤ ለመስጠት ጊዜ ይወስዳሉ፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ አይፈቅዱም። ለዚህ ነው ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ይህን ጨርሱ የምለው።

ቀጥሎ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ወደ መኪናው ሂዱ። የሻንሲ ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡት። በብዙ መኪኖች ላይ በሹፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ወይም በሩ ሲከፈት በምሰሶው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ብረቱ ላይ የተመታውም አለ፣ እሱ አንዳንዴ በዝገትና በቆሻሻ ተሸፍኖ አይነበብም፤ ድንበር ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲፈልግ ከመታየቱ በፊት ቤታችሁ አጽዱት። ቁጥሩ 17 ፊደልና አሃዝ ነው፣ ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ሲባል አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። ስለዚህ ኦ የሚመስል ካያችሁ ዜሮ ነው። ከዚያ ከሊብሬው፣ ከኢንሹራንሱ፣ ከውክልናው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። እኔ አንዴ ይህን ሳደርግ የመድን ድርጅቱ የሰጠኝ ወረቀት ላይ አንድ አሃዝ ተሳስቶ አገኘሁ። ቤት ሆኖ ሲታይ በአንድ ስልክ የሚስተካከል ነገር ነው፤ ድንበር ላይ በእሁድ ቀን ቢሆን ግን መኪናው ኢንሹራንስ የለውም ማለት ነው። ሞተር ያስቀየራችሁም ካላችሁ አዲሱ የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ መስፈሩን አረጋግጡ።

አሁን ወደ ትልቁ ወረቀት እንምጣ። ካርኔ ደ ፓሳዥ ይባላል፣ ሰዎች በአጭሩ ካርኔ ይሉታል። የመኪና ፓስፖርት ነው ሲሉ ትሰማላችሁ፣ ሥራው ግን ከፓስፖርት ይልቅ ወደ ዋስትና ያደላል። መኪናውን ሳታወጡ ብትቀሩ ቀረጡ ይከፈላል የሚል ዋስትና ነው። ሁሉም አገር አይጠይቅም። ግብፅ፣ ኢራን፣ ፓኪስታንና ሕንድ ከሚጠይቁት ውስጥ ናቸው። ብዙ አገሮች ደግሞ ድንበሩ ላይ ጊዜያዊ የማስገቢያ ፈቃድ ሰጥተው ያሳልፋሉ። ካርኔውን የሚሰጠው የአገሩ የአውቶሞቢል ማኅበር ነው፣ እናም እንደ መኪናው ዋጋና እንደምትሄዱባቸው አገሮች የባንክ ዋስትና ወይም ተያዥ ገንዘብ ይጠይቃችኋል። ገንዘቡ ቀላል አይደለም፣ በተለይ መኪናው አዲስ ከሆነ። በአሮጌ ጠንካራ መኪና ረጅም መንገድ የሚሄዱ ሰዎች የሚበዙት ለጥገናው ቀላልነት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ካርኔ ቢበዛ ለአንድ ዓመት ያገለግላል። እያንዳንዱ ቅጠል ሦስት ክፍል አለው፤ አንዱ ስትገቡ ይቀደዳል፣ አንዱ ስትወጡ ይቀደዳል፣ ሦስተኛው ሁለቱም ማኅተም አርፎበት እናንተ ጋ ይቀራል። ይህን ሦስተኛውን ክፍል እንደ ዓይን ብሌን ጠብቁት። የመውጫ ማኅተም የሌለበት ቅጠል ማለት መኪናው እዚያው አገር ቀርቷል ማለት ነው፣ ማኅበሩም ገንዘባችሁን አይለቅም። ድንበር ላይ ሰልፍ ሲበዛ «ሂዱ፣ ሂዱ» ይሏችኋል፤ ማኅተሙን ሳታዩ አትንቀሳቀሱ፣ ከኋላችሁ ያለው ሰው ጥሩምባ ቢያሰማም።

እናንተ የምትሄዱበት አገር ካርኔ ባይጠይቅም አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የራሳችሁ አገር ጉምሩክ። መኪናው በጊዜያዊነት መውጣቱን የሚያሳይ ወረቀት ካልያዛችሁ ስትመለሱ እንደ አዲስ አስመጪ ልትታዩ ትችላላችሁ። ስለ መድረሻው አገር ብቻ የሚጠይቅ ሰው ይህን ግማሽ ይዘነጋል። ሌላው ደግሞ የእናንተ ቪዛና የመኪናው ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እናንተ ወር እንድትቆዩ ተፈቅዶላችሁ ለመኪናው ሁለት ሳምንት ብቻ ሊሰጠው ይችላል። ወረቀቱን ስትቀበሉ መጀመሪያ የምታዩት ቀኑን ይሁን።

መንጃ ፈቃድ ላይ ብዙም አልቆይም። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለው የመንጃ ፈቃዳችሁ ትርጉም ነው፣ ለብቻው ምንም አያደርግም፣ ዋናውን አብራችሁ ካልያዛችሁ ዋጋ የለውም። የሚወጣው መንጃ ፈቃዱን በሰጠው አገር ነው፣ ከሄዳችሁ በኋላ እዚያ አወጣለሁ ማለት አይሠራም። ኢንተርኔት ላይ በሰዓታት ውስጥ እንልካለን የሚሉትን አትመኑ። ሁለት ዓይነት በስፋት አለ። አንዱ በ1949 እ.ኤ.አ. በጄኔቫው ስምምነት መሠረት የሚሰጥ ነው፣ ለአንድ ዓመት ያገለግላል። ሌላው የ1968ቱ የቪየና ስምምነት ነው፣ እስከ ሦስት ዓመት ይሄዳል፣ ዋናው መንጃ ፈቃድ ቀድሞ ካላለቀ። የምትሄዱበት አገር የትኛውን እንደሚቀበል እዩ። ለምሳሌ ጃፓን የ1949ኙን ብቻ ነው የምትቀበለው፣ ቻይና ደግሞ ሁለቱንም አትቀበልም።

ኢንሹራንስ ላይ ግን እንቆይ፣ ምክንያቱም ሰው በጣም የሚታለለው እዚህ ነው። የአገር ቤት መድን፣ ሙሉ ሽፋን የሚባለውም ቢሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ድንበሩ ላይ ያበቃል። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጁ ሥርዓቶች አሉ። በአውሮፓና በዙሪያው አረንጓዴ ካርድ የሚባለው አለ፤ ስሙ አረንጓዴ ይሁን እንጂ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጭ ወረቀት በጥቁር ቀለም ታትሞም ይሠራል፣ ስለዚህ ነጭ ስለሆነ ሐሰተኛ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ካርዱ ላይ የአገሮች ምልክት በሳጥን በሳጥን ተደርድሯል። የተሰረዘበት ሳጥን ካለ በዚያ አገር አይሠራም ማለት ነው። በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ በኩል ደግሞ የአካባቢው አገሮች የጋራ ገበያ የሆነው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ አለ፤ በአገር ቤቱ ፖሊሲ ላይ ተጨምሮ የሚወሰድ ሲሆን ለሦስተኛ ወገን ጉዳትና ለሹፌሩና ለተሳፋሪዎች የሕክምና ወጪ ያገለግላል። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳ፣ ዛምቢያና ሌሎችም አሉበት።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም ካርዶች በዋናነት የሌላውን ሰው ጉዳት ነው የሚክሱት። የራሳችሁ መኪና ቢጋጭ፣ ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል አያገባቸውም። ለዚያ የራሳችሁን የመድን ድርጅት በጽሑፍ ጠይቁና ሽፋኑ ወደዚያ አገር እንዲዘረጋ አድርጉ። በስልክ «አዎ ችግር የለም» ያለችውን ልጅ ስም እንኳ አታስታውሱም፤ ኢሜይል ይሁን፣ የአገሩ ስም ተጽፎበት። መኪናው መንገድ ላይ ቢሞትስ? የመጎተት አገልግሎት ካላችሁ እስከ የት እንደሚጎትት፣ መኪናውን ወደ አገር ቤት ይመልስ እንደሆነና የመኪናው ዕድሜ ገደብ እንዳለው አንብቡ። አንዳንዱ ውል የሚመልሰው የማጓጓዣው ወጪ ከመኪናው ዋጋ በታች ሲሆን ብቻ ነው። ለአሮጌ መኪና ይህ ማለት አይመልስም ማለት ነው።

እሺ፣ አሁን መኪናው። ሰርቪሱን ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ቀን አታስደርጉ። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት አስደርጉና በዚያ መሃል እንደ ወትሮው ንዱት። ጋራዥ ገብቶ የወጣ መኪና ላይ በደንብ ያልጠበቀ ቱቦ፣ የምታንጠባጥብ ጋስኬት ብትኖር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው የምትታየው፣ ያኔ ቤታችሁ ብትሆኑ ይሻላል። ፍሬን፣ ቺንጋ፣ ራዲያተርና ቱቦዎቹ፣ ባትሪ፣ መጥረጊያ፤ መካኒኩ ያውቀዋል። ረጅም መንገድ ከነጭነት እሄዳለሁ ብላችሁ ንገሩት እንጂ «ሰርቪስ» ብቻ አትበሉ።

ጎማ ላይ ሦስት ነገር። አንደኛ ዕድሜው፤ ጎኑ ላይ በአራት አሃዝ ተጽፏል፣ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማም ያረጃል። ሁለተኛ ጥርሱ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ትንሹ ልክ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ እኔ ግን በዚያ ልክ አልወጣም፣ መንገድ ላይ ያልቃላችሁ። ሦስተኛ ንፋሱ፤ የሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፣ አንዱ ለባዶ፣ አንዱ ለሙሉ ጭነት። ጎማው ሳይሞቅ በሁለተኛው ሙሉት።

ከዚያ ስኮርታውን አውጡ። እውነቴን ነው፣ አውጡትና አንድ ጎማ ግቢያችሁ ውስጥ ቀይሩ። ክሪኩ ይሠራል? የብሎን መፍቻው አለ? ብዙ መኪና ላይ ከየጎማው ብሎን አንዱ ለሌባ ተብሎ በልዩ መፍቻ ብቻ የሚፈታ ነው፣ ያ መፍቻ ደግሞ ባለፈው ጎሚስታ ጋ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የስኮርታውንም ንፋስ ለኩ። ቀጭኗ ጊዜያዊ ስኮርታ ከሆነች በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አትነዳም፣ ሩቅም አትወስድም። ደግሞ ሻንጣ ስትጭኑ ስኮርታውና ክሪኩ ከሁሉም ሥር ነው የሚውሉት፤ ዝናብ ላይ ሻንጣ ሁሉ አስፋልት ዳር ደርድራችሁ እንዳትቆሙ ቢያንስ መሣሪያውን በእጅ በሚደረስበት አድርጉ።

ነዳጅ። የናፍጣ መኪና ካላችሁና አዲስ ዓይነት ከሆነ በናፍጣው ውስጥ ያለው ሰልፈር ጉዳይ ነው። በአውሮፓ በሚሊዮን ከ10 ክፍል አይበልጥም፣ ለዚያ የተሠራ የጭስ ማጣሪያ ያለው መኪና ሰልፈር የበዛበትን ናፍጣ ብዙ ሲቀዳ ማጣሪያው ይደፈናል። ወደ እንዲህ ያለ አገር ከሆነ የምትሄዱት ጥሩ ናፍጣ የሚገኝባቸውን ከተሞች ቀድማችሁ ለዩ። የማደያውን ቀለም አትመኑ፣ ከአገር አገር ይለያያል፤ በአንዱ ጥቁር እጀታ ናፍጣ ነው፣ በሌላው ቤንዚን። በአውሮፓ ኅብረት ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በክብ ውስጥ የተጻፈው ቤንዚን፣ በአራት ማዕዘን ውስጥ ያለው ናፍጣ ነው፣ እሱን እዩ። በጀሪካን ትርፍ ነዳጅ መያዝ ደግሞ በመርከብ ለመሻገር ካሰባችሁ አይሆንም፤ በጋዝ የሚሠራ መኪናም እንግሊዝንና ፈረንሳይን በሚያገናኘው የባሕር ሥር ዋሻ ባቡር ላይ አይጫንም።

የመንገድ ሕጉ ከአገር አገር የሚለያየው ሰው ከሚያስበው በላይ ነው። ትሪያንግልና አንጸባራቂ ሰደርያ ያዙ፣ ሰደርያው ለተሳፋሪ ሁሉ ይሁን፣ ቦታውም ከኋላ ሻንጣ ሥር ሳይሆን ወንበር አጠገብ፤ የሚለበሰው ከመኪና ሳይወረድ ነው። የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን የሚያስገድዱም አሉ። ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ፊንላንድና ፖላንድ ቀንም መብራት ይብራ ይላሉ። ሃንጋሪ፣ ቼክ፣ ስሎቫኪያና ሮማኒያ ለሹፌር አንዲት ብርጭቆም አይፈቅዱም። ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ስዊዘርላንድ የፍጥነት ካሜራ የት እንዳለ የሚጠቁም መሣሪያ ይከለክላሉ፤ ስልካችሁ ላይ ያለው የካርታ መተግበሪያ ይህን የሚያደርግ ከሆነ አጥፉት። መኪናው ላይ የአገራችሁን ምልክት የያዘ ነጭ ሞላላ ተለጣፊ፣ በጥቁር የላቲን ፊደል፣ ከኋላ ለጥፉ። ትንሽ ነገር ናት፣ ሕግ ግን ናት።

ሕጉ ብቻ አይደለም፣ ክፍያውም አለ። ኦስትሪያ፣ ስዊዘርላንድ፣ ስሎቬኒያ፣ ሃንጋሪና ሌሎችም ለፈጣን መንገድ ቪኜት የሚባል አስቀድሞ የሚከፈል ፈቃድ አላቸው፣ አብዛኛው አሁን በኢንተርኔት በታርጋ ቁጥር ይመዘገባል። ታርጋውንና የታርጋውን አገር ስትሞሉ ሁለቴ እዩ፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ የከፈላችሁት ለማይታወቅ መኪና ነው። የመንግሥቱን ድረ ገጽ ፈልጉ፣ በፍለጋ መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ትርፍ የሚያስከፍል አማላጅ ነው። በጣሊያን የጥንት ከተሞች መሃል የነዋሪ ካልሆነ መኪና የማይገባባቸው ክልሎች አሉ፣ በር የለባቸውም፣ ካሜራ ብቻ ነው፤ ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤታችሁ ይመጣል። በጀርመን ብዙ ከተሞች ለመግባት ደግሞ የጭስ ደረጃ የሚያሳይ ተለጣፊ ያስፈልጋል፣ የውጭ መኪናም አይቀርለትም።

መንገዱ በሌላው ወገን የሚሄድበት አገር ከሆነ የፊት መብራቱን አትርሱ። አጭሩ መብራት ወደ መንገዱ ዳር እንዲያጋድል ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ወገኑ ሲቀየር ግን የሚያጋድለው ወደ ፊት ለፊት መጪው ሹፌር ዓይን ነው። አንዳንድ መኪና በማስተካከያ ይቀየራል፣ አንዳንዱ ተለጣፊ ይፈልጋል፤ መመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ። መንዳቱን በተመለከተ ሰው የሚፈራው የከተማ መጨናነቁን ነው። እኔ የምፈራው ጠዋት ባዶ መንገድ ላይ ከማደያ ስወጣ ያለውን ነው። መኪና ሲኖር ተከትላችሁት ትሄዳላችሁ፣ ባዶ ሲሆን ግን እጅ ወደ ለመደው ይሄዳል። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው በወጣችሁ ቁጥር «ግራ» ወይም «ቀኝ» ብሎ ጮክ ይበል። ያስቃል፣ ይሠራል።

ድንበሩን ጠዋት ድረሱ። ዋናዎቹን ወረቀቶች በአንድ ማኅደር፣ ኮፒዎቹን በሌላ፣ ፎቶውን በስልክ። ኮፒ ብዙ ያዙ፣ ኮፒ ማድረጊያው ተበላሽቷል የሚባልበት ቦታ ድንበር ነው። ለሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ማዘዣውን፣ ድሮን ካላችሁ ፈቃዱን፤ ፈቃዱን ካላገኛችሁ ድሮኑን ቤት ተዉት፣ የሚያምር ቪዲዮ ለማንሳት ብላችሁ መኪናው ተፈትሾ ሲበረበር አትዋሉ። «ወረቀቱን ላስጨርስላችሁ» እያለ የሚጠጋ ሰው ካለ ፓስፖርትና ሊብሬ አትስጡት። መጀመሪያ መስኮቱን ጠይቁ።

ድንገት ወደ ቤት በአውሮፕላን መመለስ ቢመጣባችሁ፣ ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ሐዘን ሊሆን ይችላል፣ መኪናውን ሆቴል አቁማችሁ ወደ ኤርፖርት አትሂዱ። ስትገቡ በስማችሁ የተመዘገበ መኪና ስላለ ኤርፖርት ላይ ልትያዙ ትችላላችሁ። ቀድማችሁ ጉምሩክ ሂዱና ምን እንደሚፈቅዱ ጠይቁ፣ መኪናውን በእነሱ ጥበቃ ሥር አሽገው የሚያቆዩበት አገር አለ። ቢሰረቅ ወይም ተጋጭቶ ከጥቅም ውጭ ቢሆንም እንደዚያው፣ የፖሊስ ሪፖርት ይዛችሁ ለጉምሩክ አሳውቁ። ፍርስራሹን ለጋራዥ ሰው ትቶ መምጣት እንደ መሸጥ ይቆጠራል።

ስትመለሱ የጊዜያዊ መውጫውን ወረቀት ለአገር ቤት ጉምሩክ አስዘጉ። ካርኔ ይዛችሁ ከነበረ የመጨረሻው ማኅተም ካረፈበት በኋላ ዳር እስከ ዳር ፎቶ አንሱትና ዋናውን ለሰጣችሁ ማኅበር መልሱ። የተያዘው ገንዘብ የሚለቀቀው እነሱ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ነው፣ እናም ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ብትሰጡ ይሻላል።